ሻንሲው ዝጓል፤ አንቲረስት ላስቀባው ወይ?

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ሥራዬ ዓሣ ንግድ ነው። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለችኝ። ከቁንዝላና ከደልጊ ትኩስ ዓሣ በበረዶ አድርጌ አመጣለሁ፤ አንዳንዴ በጨው የደረቀም እጭናለሁ። መኪናዋ የምታድረው ሐይቁ ዳር ነው። ሰሞኑን ጎማ ሳስቀይር የኋላው ሻንሲ እንደ ቅርፊት እየተላጠ መሆኑን አሳዩኝ። አንዱ ባለሙያ ‹አጥበን ጥቁር አንቲረስት የሚባል የዝገት መከላከያ ቀለም እንረጭበታለን፣ ከላይ ሬንጅ እንደርባለን፣ በአንድ ቀን ያልቃል› አለኝ። ሌላው የተቃጠለ ዘይት ብቻ ይበቃል ይላል። የሐይቁ እርጥበት ነው እንዴ ያበላሸብኝ? ቀለሙስ ዝገቱ ላይ ይይዛል? ጾሙ ሲፈታ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ያኔ ላቆማት አስቤያለሁ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ጣናን ከክሱ ነፃ እናውጣው። ጣና ጨዋማ ውሃ አይደለም። ጅቡቲ ወይም ምጽዋ ወደብ ላይ የቆመ መኪና ከነፋሱ ጋር ጨው ይለብሳል። የእኛ ሐይቅ ነፋስ ግን የሚያመጣው እርጥበት ብቻ ነው። እርጥበቱ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። ሐይቅ ዳር ያደረ ብረት ጠዋት ጤዛ ለብሶ ነው የምታገኚው። ጤዛ ብቻውን ግን ወፍራም የሻንሲ ብረት እንደ ቅርፊት ለመላጥ ብዙ ዘመን ይፈጅበታል። የአንቺን ሻንሲ፣ መላ መኪናዋን የሚሸከመውን ዋና ብረት፣ የበላው የጫንሽው ጨው ነው።

እንዴት እንደሚሆን ልንገርሽ። ዓሣው ከላይ ነው ያለው። በረዶው መንገድ ላይ ይቀልጣል። የቀለጠው ውሃ ከዓሣው ደምና ከጨው ጋር ተቀላቅሎ በጭነት ሳጥኑ ወለል ስንጥቆች በኩል ይወርዳል። የሚያርፈው ደግሞ የኋላው ሻንሲ ላይ፣ ባሌስትራው (ቅጠል ቅጠል የሆነው የብረት ሞላ) የታሰረበት አካባቢ ነው። ብረት ለመዛግ ውሃና አየር ይበቃዋል። ውሃው ጨው ሲኖረው ግን ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፤ ዝገትም በመሠረቱ የኤሌክትሪክ ሥራ ስለሆነ በጣም ይፈጥናል። ሌላም ጣጣ አለው። ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ጠብታ ዝናብ በሌለበት በጥርና በየካቲትም ያ ብረት ሙሉ በሙሉ አይደርቅም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። ቶዮታ ታኮማ፣ ታንድራና ሴኮያ በሚባሉት መኪኖቹ ሻንሲ ዝገት ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ተከሶ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ክሱን በስምምነት ለመዝጋት ተስማማ፤ ስምምነቱ 1.5 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን ይመለከት ነበር። እዚያ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይነሰንሳሉ። በረዶና ጨው፤ ልክ እንደ አንቺ ጭነት።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ጭቃው ነው። በወረታና በፎገራ በኩል በክረምት ነድተሽ ከሆነ ያንን ጥቁር አፈር ታውቂዋለሽ። ሩዝ የሚወደው ውሃ አልለቅም ስለሚል ነው። ሻንሲ ውስጥ ሲገባም ጠባዩ ያው ነው። የሃይሉክስ ሻንሲ ደግሞ በብዙው ቦታ እንደ ቱቦ የተዘጋ ነው። ከታች ውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጭቃው መጀመሪያ የሚደፍነው እነሱን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ ላንድክሩዘር ይዞ መጣ። ከሥር ስታዪው እንደ አዲስ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። ሌላ ቦታ ከተቀባ ስድስት ወሩ ነበር። «ከኋላ ይንቋቋብኛል» ብሎ ነው ያመጣው። ሻንሲው ከኋላው አክስል በላይ የሚታጠፍበትን ቦታ በመዶሻ ቀስ ብዬ መታሁት። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል። ይህ «ዱብ» ብሎ ቀረ። ካቻቢቴ አንስቼ ጫን ሳደርግ ቀለሙን ቀዶ እስከ እጀታው ገባ። ሳወጣው ጫፉ ላይ እርጥብ ጥቁር አፈር ይዞ ወጣ። ወሩ ጥር ነው፤ ዝናብ ካባራ ወራት አልፈዋል። ቆርጠን ስንከፍተው ከውስጥ የወጣው ጭቃ አንድ ባለ 4 ሊትር የቀለም ቆርቆሮ ሞላ። ቀለሙ ምንም አልሆነም ነበር። ብረቱ ከውስጥ አልቆ ቀለሙ ብቻውን እንደ ቆዳ ቆሞ ነው ያገኘሁት። ያ መኪና በዚያ ሁኔታ አምስት ሰው ጭኖ ጎንደር ደርሶ ይመለስ ነበር። እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ስለዚህ ከማንኛውም ቀለም በፊት የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ውሃው ከሻንሲው የሚወጣበት መንገድ አለው ወይ? ውሃ የሚወጣለትና የሚደርቅ ሻንሲ መካከለኛ ቀለም ቢቀባም ዕድሜ ይኖረዋል። ውሃ የሚቋጥር ሻንሲ ግን ከውጭ የቱንም ያህል ውድ ቀለም ብትደርቢበት አይድንም።

እንግዲህ ወደ ፍተሻው እንሂድ። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አንስቶ ከሥር መግባት አይቻልም፤ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ትቀመጥ። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በመዶሻ እየመቱ መስማት ነው። ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ላይ ካቻቢቴ ጫን አድርጊ። በተለይ ባሌስትራው የተንጠለጠለበትን፣ ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተር የታሰረበትን፣ ግራና ቀኙን የሚያገናኙት ብረቶች የተበየዱበትን ቦታ እይ። ካቻቢቴው ከገባ ወይም ብረቱ ከሰረጎደ የቀለም ጉዳይ አብቅቷል። ያ የብየዳ ሥራ ነው፤ እሱም ላሜራ ለጥፎ መሸፈን ሳይሆን የበሰበሰውን ቆርጦ አውጥቶ በተመጣጣኝ ውፍረት ባለው ብረት መተካት ነው። ስቱኮ ሞልቶ ቀለም የሚቀባልሽ ሰው ካጋጠመሽ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ። ስቱኮ ለኮፈንና ለበር ነው፤ ጭነት አይሸከምም። የሚበየድ ከሆነ ባትሪው ይፈታ፣ የነዳጅ ታንከሩና ቱቦዎቹም ከእሳቱ ይራቁ።

ካቻቢቴው ካልገባ ደስ ይበልሽ፤ ሻንሲሽ ይተርፋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልብ ልምጣ። ቀለም ዝገት ላይ ይይዛል ወይ? ይይዛል፤ ግን የያዘው ዝገቱን ነው፤ ዝገቱ ደግሞ ብረቱን አልያዘም። የሚላጥ ቅርፊት ላይ የተቀባ ቀለም ከቅርፊቱ ጋር አብሮ ይወድቃል። በዚያ ላይ ዝገት ከተነሣበት ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። ከቀለሙ ሥር ሥራውን ከቀጠለ ቀለሙን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። አንድ ዙር ተራ አንቲረስት ሲደርቅ ውፍረቱ 40 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ከጠጉር የሚቀጥን ነገር። ያንን ግፊት አይችለውም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ጨው ከሥር ቀርቶ ሲቀባ ነው። ቀለም ፕላስቲክ ከረጢት አይደለም፤ በጣም ትንሽም ቢሆን እርጥበት ያሳልፋል። ከሥሩ ጨው ካለ ጨዉ ያንን እርጥበት ይስባል። ቀለሙ መጀመሪያ እንደ ቃጠሎ ውሃ ይቋጥራል፤ ሲፈነዳ ሥሩ ጥቁር ዝገት ነው። እኔ ራሴ ሙያውን በጀመርኩበት ሰሞን ጨው ሲያመላልስ የኖረ የጭነት መኪና ቀብቼ በሦስት ወሩ እንዲህ ሆኖ ተመልሶልኛል። ቀለሙ ጥሩ ነበር፤ በደንብም ፍቀነው ነበር። ያላደረግነው አጥቦ አጥቦ ጨዉን ማስለቀቅ ነው። ሙሉውን ገፍፌ በራሴ ወጪ እንደገና ሠራሁለት። ስለዚህ «በአንድ ቀን ያልቃል» ያለሽን ሰው በዚህ ነው የማልስማማው። የአንቺ መኪና ቢያንስ አምስት ቀን ትፈልጋለች።

ሥራው እንዲህ ይሂድ። መጀመሪያ ላቫጆ ትግባ። ግሪስና ዘይቱ በሳሙና ይውጣ። ይህ ከመፈግፈጉ በፊት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ግራይንደሩ ዘይቱን የብረቱ ቀዳዳዎች ውስጥ እያሸ ያስገባዋል። ቀጥሎ የውሃውን ቱቦ ሻንሲው ውስጥ በጎን ቀዳዳዎቹ አስገብቶ፣ ከሌላው ጫፍ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ማጠብ ነው። የታች ቀዳዳዎቹ በሽቦ ይከፈቱ። የቧንቧ ውሃ ይሁን፤ ሐይቁ ወይም ዓባይ ዳር ወስዶ ማጠብ ዘይቱን ውሃው ውስጥ መድፋት ነው። ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው። ከዚያም በላይ አንቺ እንጀራ የምትበዪው ከእሱ ነው።

ከዚያ ፍቅፈቃው ይመጣል። ቅርፊቱ በመሮና በመዶሻ ይርገፍ፤ ቀሪው በግራይንደር ላይ በሚገጠም የሽቦ ብሩሽ፣ በመጨረሻም በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት። አሸዋ የሚረጭ ማሽን ያለው ቤት ካገኘሽ ከሁሉም እሱ ይበልጣል፤ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለውን ዝገት የሚደርስበት እሱ ብቻ ነው። የሽቦ ብሩሽ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ዝገቱን ሳያወጣ ያለሰልሰውና ቡናማ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ብረት ደረስን ብለው ያቆማሉ። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሠራተኞቹ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ የድሮ ቀለም አቧራ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል።

ሻንሲውን ተከትለው የሚሄዱትን ቀጫጭን የፍሬን ቱቦዎች አደራ። ዝገው ከሆነ የሽቦ ብሩሹ ይበሳቸዋል። በእጅ ቀስ ተብለው ይጠረጉ፤ ጉድጓድ ከያዙ ይቀየሩ።

ፍቅፈቃው ሲያልቅ እንደገና ታጥቦ ይድረቅ። አሁን የምነግርሽ ፍተሻ መሣሪያ አይፈልግም። ንጹሑን ብረት አንድ ሌሊት ተዪው። በማግስቱ ጠዋት ስታዪው በሙሉ ስስ ብርቱካናማ ነገር ለብሶ ከሆነ ያ የጤዛ ነው፤ በወረቀት ይጠፋል። ግን ነጠላ ነጠላ ሆነው የጠቆሩ፣ ሲነኩ እርጥብ የሆኑ ነጥቦች ካየሽ እዚያ ጨው ቀርቷል። መልሰሽ አሳጥቢ። ሁለቴም ሦስቴም ሊሆን ይችላል። አሰልቺ ነው፤ ግን የአንቺ መኪና ዕድሜ የሚወሰነው በዚህ ቀን ነው።

የቀለሙን ዓይነት በተመለከተ ገበያው ላይ «አንቲረስት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሁሉ አንድ አይደለም። የተለመደው ቀዩ አንቲረስት የመጀመሪያ ንጣፍ ነው። ብቻውን ከተተወ ውሃ ያስገባል፤ ከላይ ሌላ ቀለም የግድ ነው። ቆርቆሮው ላይ ዚንክ ፎስፌት አለበት የሚል ካገኘሽ ያንን ምረጪ። ዚንክ የበዛበት ሌላ ዓይነት አለ፤ የሚሠራው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ዚንኩ ራሱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያድናል። ይህ እንዲሆን ግን ዚንኩ ራቁት ብረት መንካት አለበት። ዝገት ላይ ከተቀባ ገንዘብሽ ባከነ።

ዝገትን ወደ ጥቁር የሚለውጥ ፈሳሽም ይሸጣል። ፎስፎሪክ ወይም ታኒክ አሲድ ያለበት ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ቀጭንና ጠንካራ ሆኖ ለቀረ ዝገት ብቻ። ቅርፊት ላይ ቢፈስ ላዩን ያጠቁረዋል፣ ውስጡ ያው ቀይ ሆኖ ይቀራል። ጉድጓድ ጉድጓድ ውስጥ ለቀረው ተጠቀሚበትና ሲደርቅ ላዩን ቀቢው።

ለአንቺ እኔ የምመርጠው ባለ ሁለት ቆርቆሮ ኢፖክሲ ነው፤ አንዱ ቀለም፣ ሌላው ማጠንከሪያ። ጨውና እርጥበትን ከተራው ቀለም በጣም በተሻለ ይቋቋማል። ፀሐይ ሲያገኘው ይነጣል፣ እንደ ጠመኔም ይሆናል፤ ከመኪና ሥር ግን ፀሐይ የለም። ልኬቱ ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው መሠረት በመስፈሪያ ይሁን። በዓይን ግምት የተደባለቀ ኢፖክሲ ለዘላለም ሲጣበቅ ይኖራል። ከተደባለቀ በኋላ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ስለሚጠነክር የሚበቃሽን ያህል ብቻ ይደባለቅ። አቅም ካልፈቀደ ቀዩ አንቲረስት ሁለት ዙር፣ ከላዩ ጥቁር የዘይት ቀለም ሁለት ዙር፤ ብረቱ በደንብ ከተዘጋጀ እሱም አያሳፍርም። በደንብ የተዘጋጀ ብረት ላይ ያለ ርካሽ ቀለም፣ ጨው ላይ ካለ ውድ ቀለም ይሻላል። ለአንድ ፒካፕ ሻንሲ ሁለት ሊትር የሥርና ሁለት ሊትር የላይ ይበቃል።

ሲቀባ የብረቱ ጠርዞች፣ የብየዳ መስመሮችና የቡሎን ዙሪያዎች መጀመሪያ በብሩሽ ለብቻቸው ይቀቡ። ቀለም ሲደርቅ ከስለታም ጠርዝ ስለሚሸሽ ዝገት ሁልጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሙሉው ንጣፍ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሰዓቱም ቁም ነገር አለው። ሐይቅ ዳር ነሽና ጠዋት በ1 ሰዓት ብረቱ ደረቅ ቢመስልሽም እርጥብ ነው፤ በመዳፍሽ ንኪው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ተጀምሮ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይቁም፤ የመጨረሻው ንጣፍ የማታው ጤዛ ሳይደርስበት ይድረቅ። በጥላ ሥር ይሁን። የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ ያጋለው ብረት ላይ ቀለሙ ላዩ ቶሎ ይቆረፍዳል፣ ቲነሩ ውስጥ ይታፈናል፣ በኋላ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል።

ጾሙ ሲፈታ ማለትሽ ትክክል ነው። ከፋሲካ በኋላ ወዲያው ጀምሪ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ሰማዩ መለወጥ ይጀምራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ጋራዡ ጣሪያ ቢኖረውም አየሩ ራሱ ውሃ ነው፤ አታስቀቢ።

የማይቀቡ ነገሮች አሉ፤ ረጪው ሲጣደፍ ሁሉንም ያጠቁራቸዋልና በላስቲክ ይሸፈኑ። የፍሬን ዲስክና ታንቡር፣ የጎማ ቡሾችና የፍሬን ጎማ ቱቦዎች፣ ግሪስ መውጊያዎች፣ የባትሪ ማሳ (የኔጌቲቩ ሽቦ) የታሰረበት ነጥብ፣ በባሌስትራው ቅጠሎች መካከል ያለው ቦታ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ሙቀት የሚችል የራሱ ቀለም አለው፤ ተራው ተቃጥሎ ይረግፋል። ከሁሉ በላይ የሻንሲ ቁጥሩን። ግራይንደር በፍጹም አይንካው፤ በእጅ ተጠርጎ ስስ ቀለም ወይም ግሪስ ብቻ ይቀባ። ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቢ ቁጥሩ ካልተነበበ ወይም የተፋቀ ከመሰለ ጣጣው ከዝገቱ ይብስብሻል።

ሬንጁን እርሺው። አዲስ እያለ ያምራል። ሲውል ሲያድር ይደርቃል፣ ጠጠር እየመታው ይሰነጠቃል፣ ጨዋማው ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ከኋላው ይተኛል። ከውጭ ጥቁርና ደህና ሆኖ ስለሚታይም ማንም አይጠረጥረውም።

የተቃጠለ ዘይትን ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ምክንያቱ ይገባኛል፤ በነፃ ነው። ለጥቂት ሳምንት ውሃ ይከለክላል። ግን አቧራ ይሰበስባል፣ የጎማ ቡሾችን ያሳብጣል፣ ከሞተር ይዞት የመጣው አሲድና ብረታ ብረት አለበት፣ ዝናብ ሲመጣም ታጥቦ የሚሄደው ወደ ሐይቁ ነው። ዓሣ በሚጫንበት መኪና ሥር ደግሞ ሽታውን አስቢው። በኋላ ቀለም ልቀባ ብትዪም ማጽዳቱ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ቅባት ቦታው የሻንሲው ውስጥ ነው። ብሩሽ እዚያ አይደርስም። ውጪው ደርቆ ካለቀ በኋላ ለዚሁ የሚሠራ ሰም ያለበት መከላከያ በቀጭን ቱቦ በኮምፕሬሰር ወደ ውስጥ ይረጭ። ብረቱ ላይ ተንጠላጥሎ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ አይሰነጠቅም። ከተረጨ በኋላ የታች ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ እንደገና በሽቦ ይውጉ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ቢደገም ጥሩ ነው።

እና ጭነቱ። ይህን ሁሉ ሠርተሽ የጨው ውሃው እዚያው ሻንሲ ላይ መንጠባጠቡን ከቀጠለ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው እዚህ እንመለሳለን። የጭነት ሳጥኑ ወለል ላይ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ ወፍራም ፕላስቲክ ወይም የፋይበር ገበታ አሠሪ። ወደ ኋላ ትንሽ ያዘንብል፤ ጥጉ ላይ የጎማ ቱቦ ይገጠምለትና ውሃው ወደ ጀሪካን ይውረድ። ጨው የነካው ጭነት ካራገፍሽ በዚያው ቀን ሥሯን በንጹሕ ውሃ አስረጪ። ሳሙናም አያስፈልግም።

ሐምሌ ላይ አንድ ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ፣ መኪናዋ በቆመችበት ዝቅ ብለሽ የሻንሲውን የታች ቀዳዳዎች እይ። ውሃ እያንጠባጠቡ ከሆነ ክፍት ናቸው። አንዱ ከደረቀና ጎረቤቱ የሚያንጠባጥብ ከሆነ የደረቀውን በሽቦ ውጊው። ከፋሲካ በኋላ ሲፈተሽ ካቻቢቴው የሚገባበት ቦታ ካገኘሽ ደግሞ ቀለም ሳትገዢ ፎቶውን ላኪልኝ፤ ከባሌስትራው መስቀያ ስንት ጣት እንደሚርቅም ለክተሽ ጻፊልኝ።